ምዕራፍ 7፦ «ቆንጆ ነው» ከተባለ በኋላ

ከመደበኛ ሥራ በኋላ በሚተርፍ ሰዓት ድረ ገጽ የሚሠሩ ሰዎች በዝተዋል። ከሥራዎቻቸው መካከል አንዱ ዓይነት በተለይ ልቤን ይስበዋል፦ በጥሩ ዲዛይን የተሠሩ ዕቃዎችን እየመረጠ የሚያሰባስብ ድረ ገጽ። ሠሪው የጠረጴዛ መብራት፣ ማንቆርቆሪያ፣ ወንበር፣ ቦርሳ፣ የወጥ ቤት ቢላ ይመርጣል፤ ፎቶውን ይለጥፋል፤ ለምን እንደመረጠው ሁለት ሦስት መስመር ይጽፋል፤ የት እንደሚገዛ ይጠቁማል። ገበያው ቶሎ በሚሰበርና ቶሎ በሚጣል ዕቃ በተጥለቀለቀበት ዘመን ይህን ማድረግ ለሕዝብ የሚጠቅም ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙ ሰው ጥሩ ዕቃ የማይገዛው ስለማይፈልግ ሳይሆን የትኛው ጥሩ እንደሆነ የሚነግረው ስላጣ ነው።

ሥራው የሚፈተነው ሠሪው ሊንኩን ለወዳጆቹ የላከ ዕለት ነው። «እስቲ እዩትና አስተያየት ስጡኝ» ይላል። መልሱ ወዲያው ይጎርፋል፦ «አሪፍ ነው!»፣ «በርታ ወንድሜ!»፣ «ቆንጆ ሥራ ነው»። አንዱ «ቀለሙ ትንሽ ጠቆረብኝ» ይላል፤ ሌላው «ልብስም ብትጨምርበት ጥሩ ነበር» ይላል። ሠሪው ለሁሉም ያመሰግናል። በማግስቱ ሥራውን ሊቀጥል ሲቀመጥ ግን ምኑን እንደሚያስተካክል የሚነግረው አንድም መልስ እጁ ላይ የለም።

ለዚህ ተጠያቂው ጥያቄው ነው። ዕቃ የሚመርጥ ድረ ገጽ ሁለት ነገሮችን በአንድነት ይዟል። አንደኛው የመራጩ ዓይን ነው፤ ይህን መብራት ወስዶ ያንን የሚተወው ፍርዱ። ሁለተኛው ፍርዱን ለሌላ ሰው የሚያደርሰው መሣሪያ ነው፤ ገጹ፣ ፍለጋው፣ ጽሑፉ፣ ዋጋው የተጻፈበት ቦታ። «እንዴት ነው?» የሚል ጥያቄ ሁለቱን ስለሚደባልቅ መልሱም ተደባልቆ ይመጣል። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ መሣሪያው ለተጠቃሚው ሙሉ በሙሉ መታዘዝ አለበት፤ ዓይኑ ግን ለድምፅ ብልጫ መቅረብ የለበትም። ይህን ልዩነት ከእኛ ብዙ ቀድሞ ዋጋ ከፍሎ የተማረ አንድ ሰው አለ፤ የኖረውም ኮምፒውተር ከመፈልሰፉ ከመቶ ዓመት በፊት ነው። (በዚህ ምዕራፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሄንሪ ኮል የለንደን ነዋሪ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። የቀን ሥራው የእንግሊዝን መንግሥት መዛግብት ማደራጀት ነበር። በትርፍ ሰዓቱ ግን ፊሊክስ ሰመርሊ በሚል የብዕር ስም ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። በ1846 በዚሁ ስም የነደፈው፣ ሚንተን በተባለው የሸክላ ፋብሪካ የተሠራው የሻይ ዕቃ የለንደኑን የሥነ ጥበባት ማኅበር ሽልማት አገኘ። በቀጣዩ ዓመት ሠዓሊዎችንና ቀራጮችን ከፋብሪካዎች ጋር እያገናኘ የዕለት መገልገያዎችን ማሠራት ጀመረ። ከ1849 እስከ 1852 ደግሞ ከሠዓሊው ሪቻርድ ሬድግሬቭ ጋር ወርሃዊ መጽሔት አወጣ። መጽሔቱ በገበያ ላይ የዋሉ ጨርቆችን፣ የግድግዳ ወረቀቶችን፣ የብረትና የሸክላ ዕቃዎችን እየለየ አንዱን ያሞግሳል፣ ሌላውን ይነቅፋል። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የጨርቁና የወረቀቱ ቁራጭ ራሱ ገጹ ላይ ተለጥፎ መቅረቡ ነው። አንባቢው የአዘጋጆቹን ፍርድ ከመቀበሉ በፊት ዕቃውን በጣቱ መዳሰስ ይችል ነበር። ዛሬ በፎቶ ብቻ የሚመርጥ ድረ ገጽ ይህን ዕድል ለማንም አይሰጥም፤ ወደዚህ ነጥብ እመለስበታለሁ።

በ1851 በለንደን ሃይድ ፓርክ ታላቁ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ተካሄደ፤ ኮልም ከዋና አዘጋጆቹ አንዱ ነበር። ኤግዚቢሽኑ ሲያበቃ መንግሥት ለማስተማሪያ የሚሆኑ ዕቃዎች እንዲገዙ 5,000 ፓውንድ ፈቀደ። ኮል፣ ሬድግሬቭ፣ አርክቴክቶቹ ኦወን ጆንስና ፒዩጂን ያሉበት ኮሚቴ ዕቃዎቹን መረጠ። የተመረጡት ዕቃዎች በ1852 ማርልቦሮ ሃውስ በተባለው ቤተ መንግሥት ለሕዝብ ታዩ። ኮል በዚህ አላበቃም። ከጥሩዎቹ ጎን አንድ ክፍል ለመጥፎዎቹ ሰጠ። ከ80 በላይ ዕቃዎች፣ አብዛኞቹ በጊዜው በየሱቁ በደንብ የሚሸጡ፣ ጥፋታቸው በጽሑፍ ተገልጾ ተደረደሩ፦ እውነተኛ የሚመስል አበባ የታተመበት ጨርቅ፣ የሕንፃ ሥዕል የተደጋገመበት የግድግዳ ወረቀት፣ ነበልባሉ ከአበባ ቅጠል ውስጥ የሚወጣ የጋዝ መብራት። ሕዝቡ ክፍሉን የዘግናኝ ነገሮች ክፍል ብሎ ጠራው።

አስተያየቱ ለመምጣት ጊዜ አልፈጀበትም። ዕቃቸው ለመጥፎ ምሳሌነት የቀረበባቸው አምራቾች ተቆጡ። የእነሱ ቁጣ የሚጠበቅ ነው። ይበልጥ የሚያስተምረው ሁለተኛው አስተያየት ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ሄንሪ ሞርሊ የተባለ ጸሐፊ ቻርልስ ዲከንስ በሚያዘጋጀው መጽሔት ላይ አንድ አስቂኝ ታሪክ አወጣ። ባለታሪኩ አቶ ክረምፔት ማርልቦሮ ሃውስን ጎብኝቶ ትክክለኛውን የዲዛይን መርሕ ይማራል። ከዚያ ወደ ቤቱ ሲመለስ ያስጠላው ግድግዳው፣ ምንጣፉ፣ መጋረጃው ሁሉ ነው። ሰላም ያጣል። በመጨረሻ ሰው ቤት ሻይ እየጠጣ ሳለ ከስኒው ውስጥ የተሳለ ቢራቢሮ ብቅ ሲልበት ይደነግጣል። ዲከንስ ራሱ በ1854 ባሳተመው «ሃርድ ታይምስ» ልብ ወለድ፣ ምንጣፍ ላይ አበባ መሣል ስህተት ነው ብሎ ሕጻናትን የሚያፋጥጥ የመንግሥት ሰው አስገብቷል። ክፍሉ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ።

ይህን ታሪክ የሚያወሱ ብዙዎች የሚደርሱበት መደምደሚያ ኮል ትዕቢተኛ ነበር የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። የሞርሊ ቀልድ ውስጥ የተደበቀ፣ ለማንኛውም መራጭ የሚጠቅም ቁም ነገር አለ። አቶ ክረምፔት ኮል መጥፎ ያለውን ዕቃ ጥሩ ነው ብሎ አልተከራከረም፤ እንዲያውም ትምህርቱን ተቀብሏል። የጎዳው ትምህርቱ መንገድ ሳያሳየው መቅረቱ ነው። በቤቱ ያለው ሁሉ መጥፎ እንደሆነ ተነገረው፤ በእሱ ገንዘብ፣ በእሱ ሰፈር ሱቅ ምን ሊገዛ እንደሚችል ግን አልተነገረውም። አፍሮ ወጣ። በመራጩ ዓይን ላይ የተሰነዘረ የሚመስለው ወቀሳ በውስጡ የመሣሪያውን ጉድለት ይናገራል።

ኮል ይህን እንደተረዳ የሚያሳየው ቀጥሎ የሠራው ሥራ ነው። በ1857 ስብስቡ ወደ ደቡብ ኬንሲንግተን ተዛውሮ ሲከፈት ስለ ጥሩና መጥፎ ዲዛይን የነበረው እምነት ከበፊቱ አልተለየም። የተለየው በሩ ነው። ቀን የሚሠራ ሰው ቀን ሙዚየም መምጣት አይችልምና አዳራሾቹ በጋዝ መብራት በርተው ማታ ተከፈቱ። የተወሰኑ ቀናት መግቢያው ነጻ ሆነ። ጎብኚው የሚመገብበት ቦታም ተዘጋጀለት፤ ይህ በሙዚየም ውስጥ ከተከፈቱ የምግብ አዳራሾች የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። ያ ተቋም ዛሬ ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም የሚባለው ነው።

ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ በኒውዮርክ የሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ በአጭር ስሙ ሞማ፣ ኮልን ያሰናከለውን ክፍተት ሞላው። ሞማ ገና በ1938 ከአምስት ዶላር በታች የሆኑ ጠቃሚ የቤት ዕቃዎችን ብቻ የሚያሳይ ኤግዚቢሽን አዘጋጅቶ ነበር። የዋጋ ጣሪያው ከራሱ ከምርጫው የማይተናነስ ሐሳብ ይመስለኛል፤ ጎብኚው ከገባበት ደቂቃ ጀምሮ ያየውን መግዛት እንደሚችል ያውቃል። ከ1950 እስከ 1955 ኤድጋር ካውፍማን ጁኒየር «ጥሩ ዲዛይን» የተሰኘውን ተከታታይ ኤግዚቢሽን መራ። ዕቃዎቹ የሚመዘኑበት መስፈርት በግልጽ የታወቀ ነበር፦ ለዓይን መማረክ፣ አገልግሎት፣ አሠራርና ዋጋ። የሚመርጡት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ካውፍማን ቋሚ፣ ሁለቱ ተቀያያሪ። ኤግዚቢሽኑ መጀመሪያ የሚታየው ቺካጎ በሚገኘው መርቻንዳይዝ ማርት ነበር፤ ይህም የአሜሪካ ሱቆች ዕቃ ገዢዎች ለጅምላ ግዢ የሚሰበሰቡበት ግዙፍ የንግድ ሕንፃ ነበር። የተመረጠው ዕቃ ሱቅ ሲደርስ የሚታወቅበት መለያ ካርድም ተሰጠው። ካውፍማን «ምርጫዬን ወደዳችሁት?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ምርጫውን ገንዘብ አውጥቶ የሚወስን ሰው ካለበት ቦታ አቆመው። ከዚህ የበለጠ እውነተኛ አስተያየት የለም።

አሁን ወደ ስክሪናችን እንመለስ። ወዳጆቻችን የሚነግሩን ነገር ለምን ብዙ እንደማይረዳ የሚያብራሩ ጥናቶች አሉ፤ ዕቃ ለሚመርጥ ድረ ገጽ የተሠሩ እስኪመስሉ ድረስ ከጉዳያችን ጋር ይገጥማሉ።

በ1977 ሪቻርድ ኒስቤትና ቲሞቲ ዊልሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ስለ አንድ ሙከራ ጻፉ። አሜሪካ ውስጥ በአንድ ሱቅ አራት ጥንድ የሴት ስቶኪንግ ከግራ ወደ ቀኝ ደርድረው አላፊ አግዳሚውን «የትኛው ጥራቱ ይበልጣል?» ብለው ጠየቁ። አራቱም ፍጹም አንድ ዓይነት ነበሩ። ሰዎቹ ግን መረጡ፤ በግራ ዳር ያለውን 12 በመቶ፣ በቀኝ ዳር ያለውን 40 በመቶ። ለምን እንደመረጡ ሲጠየቁም ስለ ጨርቁና ስለ አሠራሩ ምክንያት ሰጡ። የተቀመጠበት ቦታ ተጽዕኖ አድርጎባቸው እንደሆነ ሲጠየቁ ሁሉም ለማለት ይቻላል አይሆንም አሉ። አልዋሹም። የመረጡበትን ምክንያት ራሳቸውም አላወቁትም።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ በድረ ገጽዎ አናት ላይ ያለው መብራት ብዙ ስለተከፈተ ብቻ ከሁሉ ተወዳጅ ነው አይበሉ፤ ቦታውን ቀያይረው ይዩ። ሁለተኛ፣ «ለምን ወደድከው?» ለሚል ጥያቄ የሚመጣ መልስ ብዙውን ጊዜ እዚያው የተፈጠረ ነው። ሰው ምን እንዳደረገ ይጠይቁት፤ ካደረገው ላይ ምክንያቱን እርስዎ ይፈልጉ።

ስለ ውበት ያለው ጉዳይ ደግሞ የባሰ ነው። በ2006 በካናዳ ካርልተን ዩኒቨርሲቲ ጊተ ሊንድጋርድና ባልደረቦቿ የድረ ገጽ ምስሎችን ለ50 ሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም ለሰከንድ አንድ ሃያኛ ብቻ ለሰዎች አሳዩ። በዚያች ቅጽበት የተሰጠው የውበት ፍርድ አሥር እጥፍ ረዝሞ ታይቶ ከተሰጠው ፍርድ ጋር በእጅጉ ተቀራረበ። እንግዲህ ወዳጅዎ «ቆንጆ ነው» ሲልዎ የሚነግርዎ አንድም ነገር ሳይጫን፣ አንድም መስመር ሳያነብ ስለወሰነው ነገር ሊሆን ይችላል። ከዚያ በፊት በ1995 ጃፓን ውስጥ የሂታቺ ዲዛይን ማዕከል ተመራማሪዎች ኩሮሱና ካሺሙራ የባንክ ገንዘብ መክፈያ ማሽንን ስክሪን በ26 ዓይነት አደራደር አዘጋጅተው 252 ሰዎችን ጠይቀው ነበር። ሰዎቹ «ለአጠቃቀም ቀላል ነው» ያሉት በእውነት ቀላል ሆኖ ከተሠራው ይልቅ ለዓይናቸው ያማረውን ነው። ኖአም ትራክቲንስኪ ጥናቱን በ1997 እስራኤል ውስጥ ሲደግመው ውጤቱ እንዲያውም በረታ።

የሚያምሩ ዕቃዎችን የሚያሰባስብ ድረ ገጽ በተፈጥሮው የሚያምሩ ፎቶዎች የሞሉበት ነው። ስለዚህ የሚጠይቁት ሰው ሁሉ ቀላል ነው ይልዎታል። ሊያስደስትዎ አስቦ እንኳ ባይሆን ዓይኑ ያታልለዋል። በዚህ ዓይነት ድረ ገጽ ላይ የቃል አስተያየት ከሌላው ሁሉ ያነሰ ዋጋ አለው፤ ሰው ሲጠቀምበት ማየት ብቻ ነው የሚያዋጣው።

ሦስተኛው አደጋ የሚመጣው አስተያየቱ በጋራ ሲጠየቅ ነው። ማቲው ሳልጋኒክ፣ ፒተር ዶድስና ዳንከን ዋትስ በ2006 ባወጡት ጥናት 14,341 ሰዎች የማይታወቁ ቡድኖችን 48 ዘፈኖች እንዲያዳምጡና የወደዱትን እንዲያወርዱ አደረጉ። ከፊሎቹ ሌላው ሰው ምን እንዳወረደ አያዩም፤ ሌሎቹ በስምንት ዓለማት ተከፍለው በየራሳቸው ዓለም ያለውን የውርድ ቁጥር ያያሉ። ዘፈኖቹ አንድ ሆነው ሳለ አንዱ ዓለም ያነገሠውን ሌላው ዓለም ችላ አለው። እጅግ ጥሩዎቹ እምብዛም አልወደቁም፤ እጅግ መጥፎዎቹም እምብዛም አልነገሡም፤ በመካከል ያሉት ግን ዕጣቸውን የወሰነው መጀመሪያ የመጡት ሰዎች ምርጫ ነበር። ሊንክዎን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሲጥሉ የሚሆነው ይኸው ነው። የመጀመሪያው «አሪፍ ነው» ካለ ሃያው ይከተለዋል፤ የመጀመሪያው «ምን አዲስ ነገር አለው?» ካለም እንደዚያው። ስለዚህ ሰውን አንድ በአንድ ይጠይቁ፤ አንዱ የሌላውን መልስ እንዳያይ ያድርጉ።

በእኛ ዘንድ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በላይ ይሉኝታ አለ። ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የሠራ ወንድም ፊት «አልገባኝም» ማለት ለብዙዎቻችን ከባድ ነው። ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ ሰው ሰውን የሚጠብቅበት ባህል ነው። ከይሉኝታ ጋር መታገል አያስፈልግም፤ ይሉኝታ ሊገባበት በማይችል መንገድ መጠየቅ ይቻላል። ፍርድ አይጠይቁ፤ ሥራ ይስጡ።

እንበልና ጎረቤትዎን ጠየቁ። «እትዬ፣ ይሄ እንዴት ነው?» ካሏቸው መልሱ «ይባርክህ ልጄ፣ በጣም ያምራል» ነው። እንዲህ ቢሏቸውስ፦ «እትዬ፣ ልጅዎ ማታ ሲያጠና የሚያበራው የጠረጴዛ መብራት ሊገዙ ነው እንበል። ከዚህ ስልክ ላይ ይፈልጉልኝ።» ስልኩን ይሰጧቸውና እርስዎ ዝም ይላሉ። እትዬ ገጹን ወደ ታች ይገፋሉ። ትልቁን ፎቶ ይጫኑታል፤ ምንም አይከፈትም። ደግመው ይጫኑታል። «ዋጋው የታለ?» ይላሉ። ከዚያም ስልኩን እየመለሱ «እኔ አላውቅበትም መሰለኝ፣ ልጄ» ይላሉ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ነገር ተነግሮዎታል። ፎቶው ሊከፈት ይገባዋል። ዋጋው በቶሎ ሊታይ ይገባዋል። ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፦ ጥፋቱ የገጹ ሆኖ ሳለ እትዬ በራሳቸው ላይ አላከኩት። ዶናልድ ኖርማን በ1988 ስለ ዕለታዊ ዕቃዎች ዲዛይን በጻፈው ታዋቂ መጽሐፍ ትኩረት ከሰጣቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ሰው መጥፎ የተሠራ ዕቃ ሲያስቸግረው ራሱን ይወቅሳል። ራሱን የወቀሰ ሰው ደግሞ ቅሬታ አያቀርብም፤ ዝም ብሎ ይሄዳል።

በዚያች ሁለት ደቂቃ ውስጥ ለሠሪው ከሁሉ የሚከብደው ዝም ማለት ነው። «እዚያ ጋ ይጫኑት» ማለት ይፈልጋል። አይበል። ድረ ገጹ ወደ ዓለም ሲወጣ እሱ አብሮት አይሄድም።

ስንት ሰው ይበቃል? ያኮብ ኒልሰንና ቶማስ ላንዳወር በ1993 ከተለያዩ ፕሮጀክቶች በሰበሰቡት መረጃ አንድ ተፈታኝ በአማካይ 31 በመቶ የሚሆኑትን የአጠቃቀም ችግሮች ያሳያል። ሁለተኛው ሰው የተወሰኑትን ይደግማል፣ አዲስም ይጨምራል፤ አምስተኛው ላይ ሲደረስ 85 በመቶ ገደማ ተገኝቷል። ከዚያ በኋላ የሚታየው በአብዛኛው ድግግሞሽ ነው። ኒልሰን በ2000 ባወጣው ጽሑፍ የሰጠው ምክር አሥራ አምስት ሰው በአንዴ ከመፈተን አምስት ፈትኖ አስተካክሎ፣ እንደገና አምስት መፈተን ይሻላል የሚል ነው። ቁጥሩ አማካይ ስለሆነ እንደ ሕግ አይያዝ፤ ሐሳቡ ግን ገንዘብ ለሌለው ሰው ትልቅ ነጻነት ይሰጣል።

አንድ ማሳሰቢያ አለው፦ አምስቱ ሰዎች ተመሳሳይ ፍላጎት ያላቸው መሆን አለባቸው። በአማርኛ የሚዘጋጅ የዕቃ መምረጫ ድረ ገጽ ቢያንስ ሁለት ዓይነት አንባቢ አለው። ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ያለው ሊንኩን ተጭኖ በካርዱ ይከፍላል፤ ዕቃው በር ላይ ይደርስለታል። አዲስ አበባ ያለው ያንኑ ሊንክ ሲጫን ለመክፈልም ለማስመጣትም ይቸገራል፤ ለእሱ የሚጠቅመው ዕቃው በከተማው የት እንደሚገኝ፣ ካልተገኘም ምን ዓይነት አሠራር ያለውን መፈለግ እንዳለበት ማወቅ ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ገጽ ላይ የሚሰናከሉበት ቦታ የተለያየ ነው። ከየወገኑ አምስት አምስት ይፈልጉ፤ ወይም ለየትኛው እንደሚሠሩ አስቀድመው ይወስኑ። አለበለዚያ አቶ ክረምፔትን በአዲስ አበባ እንደገና መፍጠር ነው፤ የሚያምር ነገር አሳይቶ መንገዱን መከልከል።

ገና ምንም ያልሠራ ሰው ይህን ቢያነብ ደግሞ ድረ ገጹን ሳይሠራም አስተያየት ማግኘት እንደሚችል ይወቅ። ዛሬ አዳዲስ የቴክኖሎጂ ውጤቶችን በማስተዋወቅ የታወቀው ፕሮደክት ሃንት በኖቬምበር 2013 ሲጀመር ድረ ገጽ አልነበረም። መሥራቹ ራያን ሁቨርና ጥቂት ወዳጆቹ ያገኟቸውን አዳዲስ ነገሮች የሚጠቁሙበት፣ ለተመዘገበ ሰው በኢሜይል የሚደርስ ዝርዝር ብቻ ነበር። ሰዎች በራሳቸው ፈቃድ ሲጠቁሙና ሌሎችን ሲጋብዙ ሲያይ ከአንድ ጓደኛው ጋር ሆኖ በበዓል ዕረፍት ቀናት ድረ ገጹን ሠራ። በ2016 ኤንጀልሊስት የተባለ ኩባንያ ገዛው። በእኛ አገር ለዚህ የቴሌግራም ቻናል ይበቃል። በየሳምንቱ የተወሰኑ ዕቃዎችን ከነምክንያታቸው ይለጥፉ። የላይክ ቁጥሩን እምብዛም አይመኑት። ማን ለሌላ ሰው እንዳሳለፈው፣ ማን «ይሄን የት ላግኝ?» ብሎ በውስጥ መስመር እንደጻፈልዎ ግን ይመዝግቡ።

ወደ ፎቶው እመለስበታለሁ ያልኩት አሁን ነው። ለዕቃ መራጭ ከሁሉ የላቀው አስተያየት ስለ ድረ ገጹ የሚሰጥ አይደለም፤ ስለ ዕቃው የሚሰጥ ነው፤ የሚሰጠውም ዕቃውን ገዝቶ ወራት የተጠቀመበት ሰው ነው። ፊሊፕ ስታርክ ለአሌሲ ኩባንያ የነደፈው፣ በ1990 የወጣው ጁሲ ሳሊፍ የሎሚ መጭመቂያ በዓለም እጅግ ከሚታወቁ የወጥ ቤት ዕቃዎች አንዱ ነው። በሦስት ረጃጅም እግሮች ይቆማል፤ ፎቶው ዓይን ይይዛል። የተጠቀሙበት ግን ፍሬው ከጭማቂው ጋር እንደሚወርድ፣ ጭማቂውም በእግሮቹ ላይ እንደሚፈስ ይናገራሉ። ኖርማን በሌላ መጽሐፉ እንደጻፈው በወርቅ የተለበጠው ዓይነት ሎሚ እንዳይጨመቅበት ከሚያስጠነቅቅ ካርድ ጋር ይመጣ ነበር፤ አሲዱ ልባጡን ይጎዳዋልና። ይህን ዕቃ «ጥሩ ዲዛይን» ብሎ መምረጥ ይቻላል፤ እንደ ቅርጻ ቅርጽ ካሰቡት። ሎሚ ለመጭመቅ ብሎ የሚገዛውን አንባቢ ግን ሳይነግሩት መተው በደል ነው።

በፎቶ ብቻ የሚመርጥ ሰው ካሜራ ፊት ጥሩ የሆነውን እንጂ እጅ ላይ ጥሩ የሆነውን አያውቅም። ሁሉን ዕቃ ገዝቶ መሞከር ደግሞ የማይቻል ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዕቃ ሥር አንድ ጥያቄ ያኑሩ፦ «ይህ ዕቃ ቤትዎ አለ? ከገዙት በኋላ ምን ተበላሸ? አሁንም ይጠቀሙበታል?» መልሱንም የሰጪውን ስም ሳይጠቅሱ ከራስዎ ጽሑፍ እኩል ቦታ ሰጥተው ያውጡት። ከአምራቾችና ከነጋዴዎችም አስተያየት ይመጣል። የሽሮ ሜዳ ሸማ ነጋዴም ሆነ የውጭ ኩባንያ የራሱ ጥቅም አለው፤ ይደመጥ፣ የተሳሳተ መረጃ ካለ ይታረም፣ ምርጫው ውስጥ ግን አይግባ። ገንዘብ ከተቀበሉበትም ለአንባቢው በግልጽ ይንገሩት።

ስለ ዓይን የሚነሳ ክርክር መቼም አያልቅም። «ይሄ ወንበር ምኑ ነው የሚያምረው?» የሚል ሰው ይመጣል፤ አመስግነው ይለፉት። የምርጫ ድረ ገጽ ዋጋው አንድ ሰው በድፍረት በመምረጡ ላይ ነው፤ ሁሉን ለማስደሰት የሚለሰልስ ምርጫ ማንንም አይረዳም። ነገር ግን ብዙ ሰዎች «በምን እየመረጥክ እንደሆነ አልገባኝም» ካሉ ያ የዓይን ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። መስፈርትዎን እንደ ካውፍማን ጽፈው በግልጽ ያስቀምጡ፤ ዋጋን ከመስፈርቶቹ አያስወጡ።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። ጊዜያቸውን ሰጥተው የሞከሩልዎትን ሰዎች ስም ይያዙ፤ ካስተካከሉ በኋላ ተመልሰው ይደውሉላቸው። «እትዬ፣ ፎቶው አሁን ይከፈታል፤ ዋጋውንም ከላይ አድርጌዋለሁ፤ ያስተካከልኩት እርስዎ ስላሳዩኝ ነው» ይበሏቸው። የተናገረው ነገር ሥራ ላይ ሲውል ያየ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ «አልገባኝም» ለማለት አያፍርም።